ያለ መርፌ ስኳር ይለካል የሚባለውን ሰዓት እንዳትገዙ

ሰሞኑን ቴሌግራሙም ቲክቶኩም ስኳር በሚለካ ስማርት ሰዓት ማስታወቂያ ተጥለቅልቋል። «ጣት መወጋት ቀረ» ይላሉ። ውሸት ነው፣ ብራችሁን አትስጡ።

አክስቴ ኢንሱሊን ነው የምትወጋው፤ ልጇ እናቴ ትረፍ ብሎ ገዛላት። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ውሃ ውሃ እያለች ተጫጫናት፣ ሰዓቱ ግን 5.8 ይላል፤ ይሄ በሚሊሞል ነው፣ በ18 ስታባዙት እኛ በለመድነው በሚሊግራም ቁጥር ወደ 104 መሆኑ ነው። ጣቷን ወግተን በማሽን ስንለካት 287! ብሽቅ ብዬ ሰዓቱን ፈትቼ ሙዝ ላይ አሰርኩት። 5.6 አለ። ሙዙም ስኳር የለበትም ማለት ነው።

ከሰዓቱ ጀርባ የሚበራው አረንጓዴ መብራት የልብ ምት ለመቁጠር የተሠራ ነው፣ ስኳር አያይም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ቆዳ ሳይበሳ በራሱ ስኳር የሚለካ ሰዓትም ሆነ ቀለበት አንድም እንዳልፈቀደ ገልጾ አስጠንቅቋል። በዚህ ቁጥር ኢንሱሊን የሚመጥን ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

ዴክስኮም የሚባል ክንድ ላይ የሚለጠፍ እውነተኛ የስኳር መለኪያ አለ፤ ሻጮቹ «ዴክስኮምም እኮ ሰዓት ላይ ይታያል» ይሏችኋል። ይታያል፣ ግን ቁጥሩን የሚልከው ክንድ ላይ የተለጠፈው ሴንሰር ነው፤ ከቆዳ ሥር የሚገባ ቀጭን ክር አለው፣ ሰዓቱ እንደ ቴሌቪዥን ማሳያ ብቻ ነው። ሴንሰሩም ያልቃል። የተለመደው የዴክስኮም ጂ7 10 ቀን፣ ሊብሬ 2 የሚባለው ሌላው ሴንሰር ደግሞ 14 ቀን ሠርቶ ይቀየራል፣ ስለዚህ «አንዴ ገዝተው ዕድሜ ልክ» ያላችሁን ሰው እዚያው ተሰናበቱት። ደግሞ ትክክለኛው ሴንሰር እንኳ የሚለካው ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ ከደም በጥቂት ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል፤ ቁጥሩና የሚሰማችሁ ነገር ካልተገናኙ ጣት መውጋት አይቀርም።

ብራችንን መልስ ስንለው ሻጩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ካርቶኑን አላያችሁም? ለሕክምና አይደለም ይላል።» እውነትም ከሥር በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ከዚያ ብሎክ አደረገን።

ውጭ ያላችሁ ደግሞ ለቤተሰብ እውነተኛውን ሴንሰር ስትልኩ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን እዩ፣ እዚህ ባለው ስልክ ላይ አፑ መሥራቱንም ቀድማችሁ አረጋግጡ። የአንዱ አገር ሴንሰር ከሌላው አገር አፕ ጋር እንቢ የሚልበት ጊዜ አለ። ሰዓቱን አስቀድማችሁ የገዛችሁ እርምጃ ቁጠሩበት፣ ጣት ወግታችሁ የምትለኩበትን የስትሪፕ ፓኮ ግን እንዳትጥሉ።