በ«ዎርክስቴሽን» ስም ስለሚሸጡ አሮጌ ፕሮሰሰሮች፦ ለጎጃም የሙያ ባልደረቦቼ ማስጠንቀቂያ

ከትናንት በስቲያ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ከባሕር ዳር የገዛሁትን ኮምፒውተር ተሸክሜ ከደብረ ማርቆስ ወደዚያው ሄድኩ፤ ትናንት ማታ ያንኑ ኮምፒውተር ተሸክሜ ተመለስኩ። መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ ደንበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ እንጅባራንና ዳንግላን ደርሶ መልስ ያቋረጥኩት ገንዘቤ በሙሉ ይመለስልኛል ብዬ ሳይሆን፣ ቢያንስ «ተሳስተናል፣ በሌላ እንቀይርልዎት» የሚል ቃል ለመስማት ነበር። አልሰማሁም። ንዴቴ ሳይበርድ የምጽፈው፣ ከበረደ በኋላ «ምን ይደረግ» ብዬ ዝም እንዳልል ስለምሰጋ ነው።

የሱቁን ስም አልጠራም። ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሩ አካባቢ አዳዲስ ላፕቶፖች የተደረደሩበት፣ ከወደ ውስጥ ደግሞ በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች አገልግለው የተነሡ ትልልቅ ጥቁር ኬዞች እንደ ጆንያ የተደራረቡበት፣ ባለቤቱ ወንበር ስቦ «ኢንጂነር፣ ይቀመጡ» የሚልበት ሱቅ ነው።

ሥራዬ የሕንፃ ዲዛይን ነው፤ አውቶካድና ሬቪት በሚባሉ የሕንፃ መንደፊያ ፕሮግራሞች እሠራለሁ። የቀድሞው ኮምፒውተሬ አሁን የያዝኩትን የጂ+4 ሕንፃ መሸከም ስላቃተው፣ ለወራት የጠበቅሁት የዕቁብ ዕጣ ሲደርሰኝ 85,000 ብር ይዤ ተነሣሁ። ከመሄዴ በፊት አብሮኝ የሚሠራ ወጣት ምን መግዛት እንዳለብኝ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሰጥቶኝ ነበር፦ ኮር አይ5-12400 ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ ዋና አሳቢ ክፍል)፣ 16 ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲ። ገንዘቡን ከፍዬ ስወጣ ያ ወረቀት በደረት ኪሴ ውስጥ እንደ ታጠፈ ነበር።

በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዴስክቶፕ ሱቁ ውስጥ ነበር፤ ዋጋውም 79,000 ብር ነበር። ባለቤቱ አልደበቀውም፤ እንዲያውም ራሱ አበራልኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይህ ለተማሪና ለጸሐፊ ይበቃል፤ እርስዎን የመሰለ ባለሙያ ግን ይህን ይዞ ከሱቄ ሲወጣ ደስ አይለኝም» አለኝና ከጎኑ የነበረውን ግዙፍ ኬዝ አበራ። «ይህ ዎርክስቴሽን ነው። ፕሮሰሰሩ ዚዮን ነው፤ ያውም ሁለት ነው ያለው። ራሙም 32 ነው» አለ። ዎርክስቴሽን የሚባለው ለከባድ የሙያ ሥራ የተሠራ ኮምፒውተር ነው፤ ዚዮን ደግሞ የፕሮሰሰር አምራቹ ኢንቴል ለሰርቨርና ለዎርክስቴሽን የሚሠራው የፕሮሰሰር ዓይነት ነው።

ቀጥሎ ያደረገውን በዝርዝር እጽፋለሁ፤ በእናንተም ፊት እንዲሁ ማድረጉ አይቀርምና። የኮምፒውተሩ ክፍሎች ምን ያህል እየሠሩ እንደ ሆነ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት፣ ታስክ ማናጀርን፣ ከፈተ። የፕሮሰሰሩ ገጽ ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው አንድ ትልቅ ግራፍ ነው፤ እሱ ግን በማውሱ ራይት ክሊክ አድርጎ ግራፉን ቀየረው፤ ወዲያውኑ ስክሪኑ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተሞላ። «ይቁጠሩ» አለኝ። ጣቴን ስክሪኑ ላይ እያሳረፍኩ፣ ረድፍ በረድፍ ቆጠርኩ። 32 ሆኑ። ወደ ዴስክቶፑ ዞሮ ያንኑ ደገመ፤ እዚያ 12 ብቻ ናቸው። «32 እና 12። ኢንጂነር፣ ሒሳቡን ለእርስዎ አልነግርም» አለና ፈገግ አለ።

ጨርሶ ሳልጠይቅ ገዛሁ ማለት አልችልም። «ጀነሬሽኑ ስንተኛ ነው?» ብዬ ጠይቄዋለሁ፤ ጀነሬሽን ማለት ፕሮሰሰሩ ከተከታታዩ ስንተኛው ትውልድ እንደ ሆነ፣ ማለትም ዕድሜውን የሚናገር ቁጥር ነው። የተታለልኩት በዚያች ቅጽበት ነው። እጁን ኬዙ ላይ አሳርፎ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ «ጀነሬሽን የሚቆጠረው ለኮር አይ ነው፤ ዚዮን ጀነሬሽን የለውም» አለኝ። አጠገባችን ቆሞ የነበረው ወጣት ሠራተኛ በዚህ ጊዜ ቀና ብሎ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ባለቤቱ ግን ፊቱን ሳያዞር «አንተ፣ ሂድና ካርቶን ፈልግ» ብሎ አስወጣው። ይህን አይቻለሁ። ለምን እንዳስወጣው ራሴን አልጠየቅሁም፤ በዚያን ሰዓት ልቤ «እርስዎን የመሰለ ባለሙያ» በሚለው ቃል ተይዞ ነበር።

እስካሁን ራሴን ይቅር ያላልኩት ግን በሌላ ነገር ነው። እነዚያን አራት ማዕዘኖች በጣቴ እየቆጠርኩ ሳለ፣ በዚያው መስኮት ላይ፣ ከላይ በስተቀኝ ጥግ፣ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ተጽፎ ነበር፦ ዚዮን ኢ5-2670፣ 2.60 ጊጋኸርዝ። ስልኬ በሌላው እጄ ነበር። ያንን ቁጥር ብፈልገው ኖሮ ኢንቴል ራሱ ፕሮሰሰሩን ያወጣው በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን በአንድ ደቂቃ ውስጥ አውቅ ነበር። አባቴ በቅሎ ሲገዛ፣ ሻጩ ስለ አረማመዷ የፈለገውን ያህል ቢያወራ፣ አስቀድሞ አፏን ከፍቶ ጥርሷን ሳያይ ዋጋ አይጠይቅም ነበር። እኔ የእሱ ልጅ ሆኜ፣ ዕድሜው በግልጽ ተጽፎ የቀረበልኝን ዕቃ ሳላነብ 85,000 ብር ከስልኬ አስተላለፍኩ። የተሰጠኝ ደረሰኝ «ኮምፒውተር 1» ይላል፤ ከሥሩ «ያገለገለ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም አለበት። የፕሮሰሰሩ ስም አንድም ቦታ አልተጻፈም።

ደብረ ማርቆስ ደርሼ ጂ+4ቱን በሬቪት ስከፍተው ከቀድሞው ኮምፒውተሬ ያን ያህል የተለየ ነገር አላየሁም። አንድ ግድግዳ ሳንቀሳቅስ ቆሞ ያስባል፤ ሞዴሉን ሳዞረው እየተንቀጠቀጠ ይከተለኛል። ሁለት ቀን ሙሉ ጥፋቱን በራሴ አጫጫን ላይ ስፈልግ ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን ሻጩ እንዳሳየኝ አድርጌ ታስክ ማናጀርን ከፈትኩና፣ ሬቪት እየሠራ ሳለ አራት ማዕዘኖቹን ተመለከትኩ። አንዷ እስከ አናቷ ሞልታለች፤ አንዳንዴ ሥራው ወደ ጎረቤቷ ይዘላል። የቀሩት ሁሉ ከወለሉ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ይዘው ተኝተዋል። የቆጠርኳቸው፣ ገንዘብ ያፈሰስኩባቸው እነዚያ ናቸው።

ነገሩን የተረዳሁት ከዚያ በኋላ አንብቤ ነው። ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ ሥራ የሚሠራ ክፍል ነው፤ 32ቱ አራት ማዕዘኖች ግን 32 ኮሮች አይደሉም። እያንዳንዱ ኢ5-2670 8 ኮር አለው፤ ሁለቱ 16 ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ኮር ደግሞ ሁለት ሆኖ ስለሚታይ 32 ይመስላል። አውቶካድና ሬቪት በሥዕል ሥራ ላይ ከሚያከናውኑት አብዛኛው ነገር ተራ በተራ የሚሄድ፣ ለብዙ ኮር የማይከፋፈል ስለሆነ፣ ወሳኙ የኮሩ ብዛት ሳይሆን የአንዱ ኮር ፍጥነት ነው፤ የሬቪት ባለቤት የሆነው አውቶዴስክም ፕሮሰሰር ስትመርጡ በተቻለ መጠን ከፍተኛ ጊጋኸርዝ (ፕሮሰሰሩ በሰከንድ የሚመታው ምት ልኬት) ያለውን ውሰዱ ይላል። ኢ5-2670 ከ2.6 ተነሥቶ ቢበዛ 3.3 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መጀመሪያ የወጣው አይ5-12400 እስከ 4.4 ይደርሳል፤ ከዚህም በላይ በ10 ዓመት ውስጥ ፕሮሰሰሮች በእያንዳንዱ ምት የሚያከናውኑት ሥራ ስለጨመረ፣ አንድን ኮር ከአንድ ኮር ጋር ስናስተያይ ልዩነቱ ከእጥፍ ያልፋል። ሁሉንም ኮሮች በሚያሠራ ሥራ እንኳ ሁለቱ ዚዮኖች ተደምረው፣ ለተማሪ ይበቃል ከተባለው ባለ 6 ኮር ዴስክቶፕ ጋር ቢበዛ ይቀራረባሉ እንጂ ጥለውት አይሄዱም።

«ጀነሬሽን የለውም» የተባለው ነገርም ሐሰት ነው። በዚህ የዚዮን ተከታታይ ከቁጥሩ ቀጥሎ ቪ2፣ ቪ3 ወይም ቪ4 የሚል ካለ የጀነሬሽኑ ምልክት እሱ ነው፤ ምንም ከሌለው ደግሞ የመጀመሪያው ነው ማለት ነው። የእኔ ምንም የለውም። ከኮር አይ ቤተሰብ ጓደኞቹን ብንፈልግለት የምናገኘው 2ኛ ጀነሬሽን ዘንድ ነው። ሻጩ «ይህ 2ኛ ጀነሬሽን ነው» ቢለኝ ኖሮ በነፃም አልወስደውም ነበር፤ ያን ስለሚያውቅ ነው ጀነሬሽን የለውም ያለኝ።

ሌላው ጣጣ ከኋላ ተከትሎ መጣ። ይህ ፕሮሰሰር ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣ ግራፊክስ በውስጡ ስለሌለው የግድ የግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ አብሮ የመጣው 2 ጊጋባይት ብቻ ያለው አሮጌ ካርድ ነው። ራሙ የሰርቨር ራም ስለሆነ ከከተማችን ሱቅ ገዝቼ የሰካሁት ተራ ራም ኮምፒውተሩን ከነጭራሹ አላስነሣ አለው። ሁለቱ ፕሮሰሰሮች ሥራ ሲበዛባቸው እያንዳንዳቸው እስከ 115 ዋት የሚወስዱ በመሆናቸው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የቀድሞውን ኮምፒውተሬን ፋይሌን እስካስቀምጥ ድረስ ይዞ ይቆይልኝ የነበረው 650 ቪኤ ዩፒኤስ፣ ይህን ሁለት ጊዜ ጮኾ ጥሎት ጠፋ፤ የሙሉ ከሰዓት ሥራዬም አብሮ ጠፋ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚያደርገውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል፤ ወደ ዊንዶውስ 11 እንዳልሻገር ደግሞ ይህ ፕሮሰሰር ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ የለም።

ይህን ሁሉ ይዤ ነው ከትናንት በስቲያ የተመለስኩት። ሱቁ ያው ነው፤ ሰውዬው ያው ነው፤ አነጋገሩ ግን ተለውጧል። ዕቃውን ስገዛ «እርስዎ» የነበርኩት ሰው፣ ዕቃውን ስመልስ «አንተ» ሆኜ ጠበቅሁት። ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ስልኩን እየነካካ፣ «ስማ ወንድሜ፣ 32 ነው አልኩህ፤ ቆጥረህ ወሰድክ። አሁን ጎደለብህ?» አለኝ። በአጠገቡ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ሳቁ። ስለ ሬቪት ላስረዳው ስሞክር «ኮምፒውተር የማታውቅ ከሆነ የሚያውቅ ሰው ይዘህ አትመጣም?» ሲል አቋረጠኝ። መልሼ «እሺ፣ በዚያ ዴስክቶፕ ቀይርልኝና ልዩነቱን ልክፈል» አልኩት፤ ዴስክቶፑ በዋጋ የሚያንስ ሆኖ ሳለ ልዩነት እከፍላለሁ ያልኩት ከዚያ ቤት በፍጥነት መውጣት ስለፈለግሁ ነው። በዚህ ጊዜ ኬዙን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገና «ይህንን በ40,000 እቀበልሃለሁ። የ2012 ዕቃ ነው፤ ማን ይገዛኛል?» አለ።

የ2012 ዕቃ መሆኑን ያውቅ ነበር። ዓመቱን በትክክል ያውቅ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት እጁን በዚሁ ኬዝ ላይ አሳርፎ ጀነሬሽን የለውም ያለኝ ሰው፣ ዋጋ ማውረድ በፈለገ ጊዜ ዕድሜውን ከእኔ ቀድሞ ጠራው። ከገንዘቡ ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው።

ስወጣ ያ ወጣት ሠራተኛ ኬዙን ተሸክሞ እስከ ባጃጁ ሸኘኝ። ሲያስቀምጠው ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየና «ጋሼ፣ ያን ቀን ልነግርዎት ነበር» አለኝ። እሱን አልተቀየምኩትም፤ እንጀራው ነው።

ዎርክስቴሽን የሚባል ነገር ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ስሕተቱን ራሱ የሚያርም ኢሲሲ ራም የሚያስፈልገው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሬንደር (ከሞዴሉ ፎቶ የመሰለ ምስል ማውጣት) ወይም ረጅም ስሌት የሚያስኬድ ሰው አዲስ ዚዮን ወይም ትሬድሪፐር የተባለውን የሌላ ኩባንያ ተመሳሳይ ፕሮሰሰር ቢገዛ ገንዘቡ በከንቱ አይወጣም። ለእኛ፣ ቀኑን ሙሉ ሥዕል ለምንሠራው፣ አዲስ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ይሻላል። ለማንኛውም የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር አንብቡ፣ የወጣበትን ዓመት እዚያው በስልካችሁ ፈልጉ፣ ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ ሳይጻፍ ገንዘብ አታስተላልፉ፣ የራሳችሁን ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ሄዳችሁ በፊታችሁ አስከፍቱ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በነጋዴውም ዘንድ በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በሁለቱም ተበድያለሁና ሰኞ ማመልከቻዬን አስገባለሁ። ደረሰኜ «ኮምፒውተር 1» ከማለት በቀር ሌላ ስለማይናገር ብቻዬን ስቀርብ ጉዳዩ የአንድ ሰው ቃል በአንድ ሰው ቃል ላይ ይሆናል። ስለዚህ ከባሕር ዳርም ይሁን ከሌላ ከተማ «ዚዮን ጀነሬሽን የለውም» ተብላችሁ የገዛችሁ ካላችሁ፣ የደረሰኛችሁንና በታስክ ማናጀር ላይ የሚታየውን የፕሮሰሰር ስም ፎቶ አንሥታችሁ እስከ እሑድ ማታ ድረስ ላኩልኝ፤ ከማመልከቻዬ ጋር አያይዤ አቀርበዋለሁ።