ያገለገለ የውኃ ውስጥ ካሜራ፦ ኦሊምፐስ ቲጂ-6 ወይስ ካነን ጂ7 ኤክስ ማርክ 2?

በኤይላትም ሆነ በሁርጋዳ ቀይ ባሕር ውስጥ ለመጥለቅ ያሰበ ሰው ውኃ ከማያስገባ መያዣው (ካሜራውን ከሚሸፍነው ሣጥን) ጋር ያገለገለ የኪስ ካሜራ ሲፈልግ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ኦሊምፐስ ቲጂ-6 ፒቲ-059 ከተባለው መያዣው ጋር፣ በ2016 የወጣው ካነን ፓወርሾት ጂ7 ኤክስ ማርክ 2 ደግሞ ደብሊውፒ-ዲሲ55 ከተባለው ጋር ሊቀርቡለት ይችላሉ።

በፎቶ ጥራት ካነኑ ይበልጣል። ብርሃን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚለውጠው ባለ 1 ኢንች ሴንሰሩ ከኦሊምፐሱ አራት እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ፣ ብርሃን በሚያንስበት ጥልቀት የጠራ ምስል ይሰጣል። የሚታጠፈው ስክሪኑ ግን መያዣ ውስጥ ከገባ በኋላ ምንም አይፈይድም። በአንጻሩ ቪዲዮ በ4ኬ (ከፍተኛ የምስል ጥራት) የሚቀርጸው ኦሊምፐሱ ብቻ ሲሆን፣ ከሌንሱ 1 ሴንቲ ሜትር የቀረበን ነገር እንኳ አጥርቶ ስለሚያነሣ፣ በኮራል መካከል የሚሸሸጉ ጥቃቅን ፍጥረታትን ለሚከታተል ሰው እሱን እመርጥለታለሁ።

ዋጋውን መወሰን ያለበት ግን ሴንሰሩ ሳይሆን መያዣው ነው። አምራቾቹ የኦሊምፐሱን እስከ 45፣ የካነኑን እስከ 40 ሜትር ይችላል ያሉት ለአዲስ ዕቃ ነው። በ40 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውኃው በላይ ካለው አምስት እጥፍ ስለሚደርስ፣ ኦሪንጉ (የመያዣውን ክዳን የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) ላይ ያረፈች አንዲት ፀጉር ወይም የአሸዋ ቅንጣት ውኃ ለማስገባት ትበቃለች። ያን ጊዜ ካነኑ አበቃለት፤ ቲጂ-6 ግን ያለ መያዣም እስከ 15 ሜትር እንዲቋቋም የተሠራ በመሆኑ፣ በተለይ ጥልቀቱ ከዚያ ካልበለጠና የባትሪው ክዳን ማሸጊያ ካላረጀ፣ የመትረፍ ዕድል አለው። ይህ የካሜራው ማሸጊያ በየዓመቱ እንዲለወጥ ስለሚመከር፣ ሻጩ መቼ እንዳስለወጠ መጠየቅ ይገባል፤ «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጠለቀበት» የሚለው ቃል መልስ አይሆንም።

ከመክፈል በፊት ካሜራው ወጥቶ፣ መያዣው ውስጥ ሶፍት ብቻ ተደርጎ ባልዲ ውኃ ውስጥ ተጭኖ ይቆይ፤ ሶፍቱ ከረጠበ ግዢው ይቅር። ደረቅ ሆኖ መውጣቱ ግን ለ40 ሜትር ዋስትና ስለማይሆን፣ በቁልፎቹ ዙሪያ ነጭ የጨው ቅሪት፣ በፕላስቲኩም ላይ ስንጥቅ መኖሩ ይታይ። የካነኑ ገዢ የመያዣውንም ቁጥር ያረጋግጥ፤ ደብሊውፒ-ዲሲ54 የፊተኛው ጂ7 ኤክስ መያዣ ነው።

መያዣ የሌለው ቲጂ-6 ቢገኝ፣ ማሸጊያው እስካልተጎዳ ድረስ፣ ከውኃው ወለል ብዙም ለማይርቅ ዋናተኛ ዋጋው ተቀንሶ ቢገዛ አይከፋም፤ ካነኑ ግን ያለ መያዣ የየብስ ካሜራ ብቻ ነው።