ከኮከቡ ጋር 14 ወር

አሮጌ መርሴዲስ ከገዛሁ 14 ወር ሆነኝ። ደብልዩ 124 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. የ1991 ስሪት ነው። እዚሁ ጀርመን፣ ኮሎኝ ውስጥ በየቀኑ እነዳዋለሁ። ስለ ሞተሩ ብዙ አልልም። ጠዋት አንዴ ቁልፍ ስታዞር ትነሳለች፤ በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 10 ሊትር ቤንዚን ትጠጣለች። 30 ዓመት ስላለፋት የቆየ መኪና ታርጋ አላት፣ የዓመት ግብሯም 191 ዩሮ ከምናምን ነው።

መጻፍ የፈለግኩት መኪናዋ አፍንጫ ላይ ስለሚቆመው የመርሴዲስ ምልክት፣ ስለ ባለ ሦስት ጫፉ ኮከብ ነው። በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት ስወርድ ከቦታው የለም። ሌሊት አንዱ ነቅሎ ወስዶታል። ምን ችግር አለው፣ ያለ እሱም ትሄዳለች አልኩ። ሦስት ሳምንት እንደነዳሁ አላስቻለኝም። የመኪናዋ አፍንጫ የት ጋ እንደሚያልቅ የማውቀው ለካ በእሱ ነበር። ፓርኪንግ በገባሁ ቁጥር መጨነቅ ሆነ ሥራዬ።

ያኔ ነው ታሪኩን ማንበብ የጀመርኩት። መርሴዲስን የሠራውን ድርጅት የመሠረተው መሐንዲስ ጎትሊብ ዳይምለር፣ እ.ኤ.አ. በ1872 ከራይን ወንዝ ማዶ፣ ዶይትስ ባለው የሞተር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር፣ የኮሎኝና የዶይትስ ምስል ባለበት ካርድ ላይ ቤቱን በኮከብ ምልክት አድርጎ ለባለቤቱ ላከላት። ይህ ኮከብ አንድ ቀን በራሳችን ፋብሪካ ላይ ያበራል ብሏት ነበር ይባላል። ካርዱ ላይ ያለው ሰፈር እኔ በየሳምንቱ በድልድይ የምሻገርበት ነው! ዳይምለር በ1900 ሞተ። ነገሩን አስታውሰው ያነሱት ልጆቹ ፓውልና አዶልፍ ናቸው፤ ድርጅቱም በ1909 ኮከቡን በንግድ ምልክትነት አስመዘገበ። ባለ አራት ጫፍም አብሮ ተመዝግቦ ነበር፤ መኪና ላይ የወጣው ግን ባለ ሦስቱ ነው።

ሦስቱ ጫፎች የብስ፣ ውሃና አየር ናቸው። የማስታወቂያ ወሬ መስሎኝ ነበር፣ አይደለም። የዳይምለር ሞተር በ1885 ባለ ሁለት ጎማ ላይ፣ በ1886 ጀልባ ላይ፣ በ1888 ደግሞ የአየር መርከብ ላይ ተገጥሞ ሠርቷል። ኮከቡ የሚናገረው ሰውዬው በሕይወት እያለ የሠራውን ነው። ይሄ ልቤን ነካው።

ፍርግርጉ ላይ ያለችው ሰማያዊ ክብ አርማ ዙሪያዋን የሎረል ቅጠል ጉንጉን አላት። ጉንጉኑ የተፎካካሪው የቤንዝ ነበር። ሁለቱ ድርጅቶች በ1926 ተዋሃዱ፣ ምልክቶቻቸውም አብረው ገቡ።

መጀመሪያ የገዛሁት ርካሽ ኮከብ ብልጭልጩ በሁለት ወር ተላጠ። ሁለተኛው ኦሪጂናል ነው፤ ይኸው ሰባት ወሩ፣ ዝናብም በረዶም አልነካውም። ለመግጠም መካኒክ አያስፈልግም። ኮፈኑን ከፍቼ መያዣውን ከስር ሳብ አድርጌ ሩብ ዙር ሳዞረው ቀጭ ብሎ ገባ። ውስጡ ሞላ አለው። በጣት ሲገፉት ይተኛል፣ ሲለቁት ቀና ይላል። እግረኛ ቢነካው እንዳይጎዳ ነው።

እንዲህ ያለ መኪና ልትገዙ ከሄዳችሁ ኮከቡን በጣታችሁ ገፋ አድርጉት። ተኝቶ ከቀረ ሞላው አልቋል፤ ዋጋ አስቀንሱ።