ለሐረና ደን የትኛው ብስክሌት? አዲሱ ባለ ሁለት ሞላ ወይስ ያገለገለው የአውሮፓ

ሮቤ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ከአዲስ አበባ የሚደውሉልኝ ጓደኞቼ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ባሌ መጥተን ሐረና ውስጥ ብስክሌት መንዳት እንፈልጋለን፤ የትኛውን እንግዛ?» ለአንዱ በዝርዝር አስረድቼ ሳልጨርስ ሌላው ይጠይቃል። የሚያሳዝነኝ ግን ገዝቶ የሚደውለው ነው። እኔም መጀመሪያ የማይሆነውን ገዝቼ በ14 ወር 25,500 ብር ከስሬያለሁ፤ ሒሳቡን ከታች አሳያለሁ።

በተግባር ምርጫው ሦስት ነው። አንደኛው በካርቶን ታሽጎ የሚመጣው አዲስ ብስክሌት ነው፤ ከፊትም ከኋላም ሞላ አለው፣ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ሱቅ ፊት ለፊት ሲሰቀል ዓይን ይስባል። ሁለተኛው ከአውሮፓ ያገለገለ ሆኖ የሚገባው፣ አካሉ አሉሚኒየም የሆነ፣ ሞላው ከፊት ብቻ ያለ፣ ዲስክ ፍሬኑ በካቦ የሚሳብ ነው። ሦስተኛው ከሁለተኛው ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ነው። ሐሳቤን ሳልደብቅ ልናገር፤ ሁለተኛውን ግዙ።

ምክንያቱን ለመረዳት ቦታውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከጎባ የሚነሳው መንገድ ሳነቴ አምባ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣና አምባው ሲያልቅ ወደ ደቡብ ቁልቁል ይወርዳል። መጀመሪያ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ፣ ሪራ መንደር አካባቢ ቀርከሃ፣ ከዚያ ሽበት የመሰለ ነገር የተንዠረገገባቸው ግዙፍ ዛፎች፣ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ደግሞ የጫካ ቡና ይመጣል። መስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁልቁለት ማግኘት ለብስክሌተኛ ትልቅ ዕድል ነው። ነገር ግን ይህ ማለት ብስክሌቱ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ሲወርድ የሚሠራው ፍሬኑ ነው ማለት ነው። ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ የከብትና የበቅሎ መንገዶቹን ስትይዙ ደግሞ እርጥብ ሥር፣ የበሰበሰ ቅጠልና የሚጣበቅ ጭቃ ይጠብቃችኋል። እንጦጦ ላይ ጥሩ የሚሄድ ብስክሌት እዚህ አንድ ቀን ላይቆይ ይችላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ባለ ሁለት ሞላውን ጥር 2016 ላይ በ22,500 ብር ገዛሁት። ያገለገለው በዚያን ጊዜ 30,000 ገደማ ይባል ስለነበር 7,500 ብር ያተረፍኩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ያወጣሁትን በደብተር መዝግቤዋለሁ፦ የፍሬን ሸራ አራት ጊዜ 2,400፣ የኋላው ሞላ 3,200፣ የሞላው ማያያዣ ብሎንና ቡሽ (ብሎኑ የሚዞርበት ቀለበት) 1,800፣ የኋላ ቸርኬ ሽቦ እንደገና ማሠራት 2,500፣ የፔዳሉ ኩሽኔታ 2,100። ድምሩ 12,000 ብር ነው። ሲሰለቸኝ መጋቢት 2017 ላይ በ9,000 ሸጥኩት፤ ለገዢውም ሐረና እንዳይወስደው ነግሬዋለሁ። 22,500 እና 12,000 ደምራችሁ 9,000 ቀንሱ፤ 25,500 ይመጣል።

በዚያው ወር ያገለገለውን ገዛሁ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዋጋው ሁሉ ስለዘለለ ሻጩ 58,000 ጠራብኝ። ሦስት ቅዳሜ ተመላልሼ በ46,000 ጨረስኩ። ከዚያ ወዲህ የወጣው ሁለት ጥንድ ሸራ 1,900፣ ካቦ 700፣ ሰንሰለት 2,400፣ በቶርኖ ያሠራሁት አንድ ቁራጭ ብረት 1,500፤ በጠቅላላው 6,500 ብር ነው። ባለፈው ወር አንድ የጎባ ወጣት 45,000 ሊሰጠኝ ጠይቆኛል። በሰው እጅ ዋጋውን የሚጠብቅ ዕቃና ከሱቅ በወጣበት ቀን ግማሽ ዋጋውን የሚያጣ ዕቃ ልዩነታቸው ይህን ያህል ነው።

ከገንዘቡ የበለጠ ያስተማረኝ ግን ሪራ አጠገብ የደረሰብኝ ነው። ያኔ የምነዳው ባለ ሁለት ሞላውን ነበር፤ ወሩ ሐምሌ፣ ክረምት። ሳነቴን በጉም ውስጥ አልፌ ቁልቁለቱን ስጀምር ፍሬኑ ይይዝ ነበር። ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላ ማንሻውን እስከ መጨረሻው ብጨብጠውም ብስክሌቱ መፍጠኑን አላቆመም። ሸራው ጋለና ፊቱ እንደ መስታወት ሆነ። ከገደሉ በተቃራኒ ወዳለው የአፈር ግድግዳ አዞርኩት፤ ትከሻዬን ተጎዳሁ እንጂ ተረፍኩ። በማግስቱ ደግሞ ቀርከሃው ውስጥ የኋላው ሞላ የታሰረበት ብሎን ተቆረጠ። 11 ኪሎ ሜትር ብስክሌቱን ተሸክሜም ጎትቼም ወጣሁ። በዚያ ከፍታ፣ አየሩ በሳሳበት፣ 18 ኪሎ የሚመዝን ብረት መግፋት ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ገባኝ። የአሁኑ 13 ኪሎ ከግማሽ ነው።

ሱቁ ሄጄ ስናገር «ለከተማ ነው እንጂ ለተራራ አይደለም» አሉኝ። አካሉ ላይ ግን የተራራ ብስክሌት ተብሎ በትልቁ ተጽፏል።

የኋላ ሞላ በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም። በትክክል የተሠራ የኋላ ሞላ ያለው ብስክሌት ሥርና ድንጋይ ላይ ድንቅ ነው፤ ግን በዚህ ገንዘብ አይገኝም። በርካሹ ላይ ያለው ዝም ብሎ የሚነጥር ሽቦ ነው። ዳገት ላይ በእያንዳንዱ እግር ምት ቁጭ ብድግ እያለ ጉልበታችሁን ይበላል፣ ጭቃው መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ ይደርቅና ቡሹን እንደ ሞረድ ይፈጨዋል። ለአንድ ዓመት ደረቅ መንገድ ላይ ሊቆይ የሚችለው ቡሽ ሐረና ውስጥ ሦስት ወር አልቆየልኝም።

አስመስለው የተሠሩ ዕቃዎችን በተመለከተ ትዕግሥቴ አልቋል። የማርሽ መቀየሪያው ላይ የታወቀ የጃፓን ስም አንድ ፊደል ተቀይሮበት ወይም በተለጣፊ ወረቀት ብቻ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ትክክለኛው ስሙ ብረቱ ላይ የተቀረጸ ወይም የታተመ ነው፤ በጥፍራችሁ ፋቁት፣ ከተላጠ ተዉት። የፍሬን ሸራም እንደዚያው ነው። 600 ብር የከፈልኩበት ሸራ እርጥብ ላይ ሲፋጭ በሁለት ቀን ከብረቱ ተላቀቀ። ብረት የተቀላቀለበት ሸራ ዋጋው ከፍ ቢልም ጭቃ ላይ ብረት ከሌለበት ለስላሳ ሸራ ይልቅ ይቆያል፤ 950 የከፈልኩበት ጥንድ ክረምቱን በሙሉ አሳልፎልኛል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ዲስኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ለለስላሳ ሸራ ብቻ የተሠራ ዲስክ ስላለ ይህኛው ሸራ ይበላዋል።

ለምን የዘይቱን አልመረጥኩም? አያያዙ የተሻለ መሆኑን አልክድም። በአንድ ጣት ይቆማል፣ እጅ አያደክምም። ገበያ ላይ 75,000 ብር ይጠራበታል፤ እኔ ካቦ ላለው ከከፈልኩት በ29,000 ይበልጣል ማለት ነው። ለዚያ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ለጥገናውም ነው የፈራሁት። የብስክሌት ፍሬን ዘይት ሁለት ዓይነት ነው። ሺማኖና ቴክትሮ ማዕድን ዘይት ይጠቀማሉ፤ ሌሎች ደግሞ እንደ መኪናው ያለውን የፍሬን ዘይት። ማዕድን ዘይት በሚፈልገው ውስጥ የመኪናውን ከጨመራችሁ ውስጡ ያለው የጎማ ማሸጊያ ያብጥና ፍሬኑ ይሞታል። እዚህ ያለ ጋራዥ ደግሞ በእጁ ያለው የመኪናው ነው፤ በቅን ልቦና ይሞላላችኋል። አብሮኝ የሚነዳ ወንድሜ እንዲህ ሆኖበት ሁለቱንም ፍሬን ጥሎ በካቦ የሚሠራ አስገጥሟል። የካቦው ፍሬን ቢላላ ብሎኑን በእጅ ታጠብቃላችሁ፤ ካቦው ቢበጠስ 350 ብር ነው፣ ኪስ ውስጥም ይያዛል። የምትኖሩት አዲስ አበባ ሆኖ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ካላችሁና ገንዘቡ ካልከበዳችሁ ግን የዘይቱን ብትገዙ አልከራከራችሁም።

ያገለገለውም የራሱ ጣጣ አለው። ትልቁ የኋላ ማርሽ መቀየሪያው የሚታሰርባት ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ ናት። ብስክሌቱ በቀኝ ጎኑ ሲወድቅ ዋናው አካል እንዳይሰበር እሷ ቀድማ እንድትሰበር ተደርጋ ነው የተሠራችው። ችግሩ ቅርጿ ከብስክሌት ብስክሌት ይለያያል። የእኔ ስትሰበር አዲስ አበባ ድረስ አስፈልጌ አጣሁ፤ ሮቤ ያሉ አንድ የቶርኖ ባለሙያ አባት የተሰበረውን አይተው አንድ ቀን ሙሉ ሠርተው ሰጡኝ፤ 1,500 ያልኳችሁ እሱ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ከኋላ ቆማችሁ ቁራጯ ቀጥ ማለቷን እዩ፣ ከዚያም ገና ደኅና ሳለች መለዋወጫ አሠሩ። አሉሚኒየም አካል ላይ ስንጥቅ ካያችሁ ደግሞ ዋጋው ምንም ቢሆን አትግዙ፤ ተራ በያጅ አይበይደውም።

ሁለተኛው የጎማው መጠን ነው። ጓደኞቼ ሁሉ 29 ኢንች ይፈልጋሉ፤ ትልቅ ጎማ ሥር ላይ በቀላሉ እንደሚያልፍ አውቃለሁ። ነገር ግን የ26 የውስጥ ጎማ ከሻሸመኔ እስከ ሮቤ በየገበያው አለ፤ የ29ኙን ጎሚስታው ሲያይ ራሱን ይነቀንቃል። 27.5 የሚሉት ደግሞ ከሁለቱም የባሰ ብርቅ ነው። እኔ 26 ነው የምነዳው። ጥርሱ ራቅ ራቅ ያለ ጎማ ምረጡ፤ ጥርሱ ከተጠጋጋ ጭቃው ይሞላውና እንደ ኳስ ይሆናል።

ሻጩ ዘንድ ስትሄዱ ማግኔት ያዙ፤ አሉሚኒየም ነው የተባለው አካል ላይ ከተጣበቀ ብረት ነው። የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ መሪውን ወደታች ጫኑ፤ የፊቱ ሞላ ሳይንገጫገጭ ገብቶ ካልተመለሰ 5,000 ብር አስቀንሱ። ከፔዳሉ በታች አካሉ ላይ የተቀረጸው መለያ ቁጥር ተፍቆ ከሆነ የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል ጥላችሁ ውጡ።

ለመጀመሪያ ጉዞ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ይሻላል። ድንሾ ያለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጎራ ብላችሁ የት መንዳት እንደሚቻል ጠይቁ። ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ መንገድ ስለሚያቋርጥ ቀስ በሉ። ያገለገለውን ከገዛችሁ በቦርሳችሁ አንድ ጥንድ ሸራ፣ ሁለት ካቦ፣ የውስጥ ጎማና ያሠራችኋትን ቁራጭ ያዙ፤ ሁሉም ተደምሮ 4,000 ብር አይሞላም፣ ከሪራ በታች ግን በየትኛውም ዋጋ አታገኟቸውም።