የአባቴ እግር የተመዘነበት የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ

አባቴ ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ የታሰረለት ጀሶ ሲፈታ አጥንቱ ገጥሞ ነበር፤ የግራ እግሩ ግን ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ አልታጠፍ አለው። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል፣ ለቆዳ ቀርቦ የሚያልፈውን ነርቭ ጀሶው ተጭኖት ኖሯል። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ለሦስት ሳምንታት ሙቀትና ኤሌክትሪክ ብቻ ሲሰጡት የጡንቻውን ኃይል በእጁ የፈተሸ አንድም ባለሙያ አልነበረም። ቀጥሎ የወሰድነው አዲስ አበባ ውስጥ ወደሚገኝ አነስተኛ ክሊኒክ ሲሆን፣ ይህን የምጽፈው ስለ እርሱ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ የጀመረችው ከጤነኛው ቀኝ እግር ነው፤ የአባቴ ልክ የራሱ ጤነኛ እግር ነውና። ከዚያም ከግራው ቁርጭምጭሚት በላይ በአንድ እጇ ይዛ፣ «አባባ፣ ጣቶችዎን ዘና አድርገው እግርዎን ወደ ራስዎ ይሳቡልኝ» አለችው። አውራ ጣቱ ብቻ ብድግ ሲል አስቆመችው፤ ጣት የሚያነሣው ጡንቻ የደከመውን ጡንቻ ሥራ ከተሻማ ምርመራው እንደሚያሳስት አስረዳችን። በጎኑ አስተኝታው የመሬት ስበት ሳይጫነው ሲሞክር ግን እግሩ ሙሉ በሙሉ ታጠፈ። የጡንቻን ኃይል ከ0 እስከ 5 በሚለካው መለኪያ «2» ብላ መዘገበች።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ለነርቭ ጉዳት ምርመራ ባሰራጨው መለኪያ 0 ምንም መኮማተር አለመኖሩን፣ 1 ብልጭ የሚል መኮማተርን፣ 3 ስበትን አሸንፎ መንቀሳቀስን፣ 5 ሙሉ ኃይልን ያመለክታል። የባት ጡንቻን ግን በእጇ አልገፋችውም፤ የሰው ክንድ ጠንካራ ባትን ስለማይረታ በአንድ እግር ቆሞ ተረከዙን ደጋግሞ እንዲያነሣ አደረገችው። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ማግኘት እጅግ አስደስቶኛል።

ቅሬታዬ ከስድስት ሳምንት በኋላ የተፈጠረው ነው። አባቴ 3 በደረሰ ማግስት ሌላ ባለሙያ ተተክቶ 4 ጻፈለት፤ የመጀመሪያዋ ስትመለስ 3 ሆነ፤ አባቴም ወደ ኋላ የተመለሰ መስሎት ክፉኛ አዘነ። ሁለቱም አልዋሹም፤ 4 ማለት ስበትን አሸንፎ ጥቂት ተቃውሞን መቋቋም ስለሆነ፣ «ጥቂት» የሚለው እንደ መርማሪው እጅ ይለያያል። ኃይልን በቁጥር የሚያሳይ በእጅ የሚያዝ መለኪያ ቢኖራቸው ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር፤ ከ3 በላይ ለደረሰ ታካሚ ሊገዙት ይገባል እላለሁ። ክፍሉ ፎቅ ላይ ሆኖ ሊፍት አለመኖሩም እግሩን ለሚጎትት ሰው ከባድ ነው።

ቅሬታውን ሳቀርብ ሰምተውኛል፤ ከእንግዲህ ምዘናውን ያችው ፊዚዮቴራፒስት ብቻ፣ በዚያው አተኛኝና አቀማመጥ እንድታደርግ በካርዱ ላይ ጽፈውልናል።