120×45×60 ወይስ 120×60×45? በጅማ የኮራል አኳሪየም ልክ ሲመረጥ

ጅማ ላይ የኮራል አኳሪየም፣ ማለትም ኮራል የሚባለው የባሕር ፍጥረት ከዓሣ ጋር የሚኖርበት የጨው ውኃ ገንዳ፣ ለማሠራት የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሊትር ይሻለኛል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው፤ ግን ቅድሚያ የሚገባው አይደለም። ሊትሩ ሳይቀየር ቅርጹ ብቻ ሲቀየር የመስታወቱ ውፍረት፣ የዓሣው ትንፋሽ፣ ወለሉ የሚሸከመው ጫና፣ እጅዎ ከታች መድረስ አለመድረሱ ሁሉ አብሮ ይቀየራል። ስለዚህ እዚህ የማነጻጽራቸው ሆን ብዬ እኩል ውኃ የሚይዙ ሁለት ገንዳዎችን ነው። አንዱ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 45፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቁመታሙ እንበለው። ሌላው 120 በ60 በ45 ነው፤ ይህኛውን ሰፊው እንበለው። ሦስቱን ቁጥሮች አባዝተው ለ1,000 ሲያካፍሉ ሁለቱም 324 ሊትር ይወጣሉ።

ምርጫዬን ከወዲሁ ልናገር፦ ሰፊው። ቁመታሙ የሚበልጥበትም ነገር አለ፤ እሱንም እናየዋለን።

መስታወቱ

«ከፍ ቢል እኮ ያምራል» የማይል መስታወት ቆራጭ የለም። ያምራል፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። ውኃ መስታወትን የሚገፋው በከፍታው ነው፤ ገንዳው ወደ ኋላ ቢሰፋ የፊተኛው መስታወት አይጨነቅም። ቁመቱ ከ45 ወደ 60 ሲወጣ ግን የፊተኛው መስታወት የሚሸከመው ጠቅላላ ግፊት በ78 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ሰፊው በባለ 10 ሚሊ በምቾት ሲሠራ ቁመታሙ ባለ 12 ሚሊ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ለቁመታሙ 2.52 ካሬ ሜትር መስታወት ይቆረጣል፤ ለሰፊው 2.34 ይበቃል። ባዶውን ገንዳ አራት ሰው ይዞ ሲያነሣው ልዩነቱ ይታወቃል፦ ሰፊው ወደ 59 ኪሎ፣ ቁመታሙ ወደ 76 ኪሎ ነው።

የተጋጠመ ገንዳ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ማምጣት ይቻላል፤ ግን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድና የግቤ ቁልቁለት በመካከል አለ። እኔ ብሆን መስታወቱን እዚሁ አስቆርጬ፣ ጠርዙን አስሞርጄ፣ ገንዳው በሚቀመጥበት ቤት ውስጥ አስገጥመዋለሁ። ሲልከኑን ሲገዙ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠውን ሻጋታ ተከላካይ አይውሰዱ፤ ሻጋታውን የሚገድለው መድኃኒት ገንዳው ውስጥ ላለው ፍጥረትም አይበጅም።

ትንፋሹ፣ ጅማ ላይ

አብዛኛው የአኳሪየም ምክር የተጻፈው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይሉ ከተሞች ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ነው የምትገኘው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ውኃ ሊይዘው የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ ላይ ያለ የባሕር ውኃ ምጽዋ ላይ ቢሆን በሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዝ ነበር። ያው ውኃ ጅማ ላይ 5.5 ገደማ ነው። ዓሣው በዚህ አይሞትም፤ ግን መጠባበቂያው ጠብቧል ማለት ነው።

ኦክስጅን ወደ ውኃው የሚገባው በላይኛው ገጽ በኩል ነው። የቁመታሙ ገጽ 5,400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሲሆን የሰፊው 7,200 ነው። ለተመሳሳይ ውኃ አንድ ሦስተኛ የሚበልጥ መተንፈሻ ተገኘ ማለት ነው፤ ያለ ተጨማሪ ዕቃ፣ ያለ ተጨማሪ ቆጣሪ።

ፓምፑ ሲሠራ ይህ ልዩነት ላይታይ ይችላል። የሚታየው መብራት ሲሄድ ነው፤ በተለይ ሌሊት። ሌሊት በኮራሉ ውስጥ ያሉት አልጌዎች ኦክስጅን መሥራታቸውን አቁመው እንደ ዓሣው መተንፈስ ብቻ ይሆናል ሥራቸው። በዚህ የተነሣ ኦክስጅኑ ከሁሉ ዝቅ የሚለው ሊነጋጋ ሲል ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ቢሄድና እስኪነጋ ባይመለስ፣ ጠባብ ገጽ ያለው ገንዳ ውስጥ ያሉት ዓሦች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ያገኟቸዋል። ከሁለቱ የትኛውንም ቢመርጡ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከገንዳው እኩል የሚገዛ ዕቃ ነው፤ «ቀስ ብዬ እገዛለሁ» የሚባልለት አይደለም።

ወለሉና እጅዎ

324 ሊትር የባሕር ውኃ ብቻውን 332 ኪሎ ነው፤ መስታወቱ፣ ድንጋዩና አሸዋው ሲጨመር ከ400 ያልፋል። ምድር ቤት፣ ሊሾ ወለል ላይ ከሆነ ብዙ አያሳስብም። የጣውላ ወለል ባለው አሮጌ የጭቃ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ከሆነ ግን መታሰብ አለበት። የውኃው ክብደት ብቻ ሲሰላ ቁመታሙ ከሥሩ ባለው ቦታ ላይ በካሬ ሜትር 615 ኪሎ ሲያሳርፍ ሰፊው 461 ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል ዲዛይን ሲደረግ የሚያዘው ጭነት በአብዛኛው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ሁለቱም ያልፉታል። ፎቅ ላይ የሚያስቀምጡ ሰዎች ቢም ያለበትን ግድግዳ ተጠግተው፣ መሐንዲስ ካዩት በኋላ ይሁን።

ማስቀመጫው ላይ ጅማ ዕድለኛ ናት፤ እንጨት የሚያውቅ እጅ ሞልቷል። ከደረቀ ዋንዛ የተሠራ ወፍራም እግር ያለው ማስቀመጫ ለዓመታት ይቆማል። ቱቦላሬ አስበይደው የሚያሠሩ ከሆነ ከብየዳው በኋላ አንቲረስት ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ ጨው ያለበት ጠብታ ያልተቀባ ብረት ካገኘ አይምርም።

የማስቀመጫው ከፍታ ሲወሰን ሶፋ ላይ የሚቀመጠውን እንግዳ ዓይን ያስቡ። 85 ሴንቲ ሜትር ጥሩ ነው። ሰፊው ገንዳ እዚያ ላይ ሲቀመጥ ጫፉ 130 ላይ ይቆማል፤ መሬት ላይ ቆመው እጅዎን ቢሰዱ አሸዋው ድረስ ይገባል። ቁመታሙ ጫፉ 145 ነው፤ ከታች የወደቀ ኮራል ለማንሣት እስከ ብብት መንከር፣ ፊትዎንም ከመብራቱ ሥር ማስገባት ያስፈልጋል። ቁመቱ መካከለኛ የሆነ ሰው ያችን ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ መፈለጉ አይቀርም፤ እርጥብ ሊሾ ላይ በርጩማ፣ ከጎን ደግሞ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ። ጽዳቱን የሚሠሩት እማማ ወይም የቤቱ ልጆች ከሆኑ ይህ ብቻውን ይወስናል።

ድንጋዩ

ወርድ ከምንም በላይ የሚፈለገው እዚህ ጋ ነው። የመስታወት ማጽጃው ማግኔት እንዲያልፍ በድንጋዩና በፊተኛው መስታወት መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ይተዋል፤ ውኃው ዞሮ ቆሻሻውን ይዞ እንዲሄድ ከኋላም እንዲሁ። ከ45ቱ 20 ሲቀነስ 25 ይቀራል። በ25 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚሠራ ድንጋይ ግድግዳ ይሆናል እንጂ ኮራል የሚያድግበት ሸንተረር አይሆንም። በ60ው 40 ይተርፋል፤ ዋሻም፣ መወጣጫም፣ ኮራሉ ሲሰፋ የሚዘረጋበት ቦታም ይወጣዋል። ዛሬ አውራ ጣት የምታክል ቁራጭ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሰሃን ልትበልጥ እንደምትችል አይርሱ።

መብራቱም በዚሁ ያልፋል፦ 45 ሴንቲ ሜትር ውኃ ከ60 ይልቅ ለማብራት ይቀላል፤ አክሮፖራን የመሳሰሉ ብርሃን ወዳድ ኮራሎች ሰፊው ውስጥ መካከለኛው ከፍታ ላይም ሊቀመጡ ይችላሉ። ነገር ግን ወርዱ 60 ሲሆን አንድ መስመር ጠባብ መብራት ፊትና ኋላውን ያጨልማል፤ ብርሃኑን የሚዘረጋ ወይም ሁለት መስመር ያለው ይፈለጋል።

ቁመታሙ የሚበልጥበት

አንደኛ፣ ቦታ። ቡፌና ኤል ቅርጽ ሶፋ በሞሉት ሳሎን ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ትንሽ አይደለም፤ መተላለፊያ ነው።

ሁለተኛ፣ ትነት። ገጽ ሲሰፋ ውኃም ቶሎ ያልቃል፤ ቁመታሙ በቀን 3 ሊትር ቢያተን ሰፊው 4 ነው። የሚተነው ንጹሕ ውኃ ስለሆነ የሚጨመረውም ጨው የሌለበት ንጹሕ ውኃ መሆን አለበት፤ ልዩነቱ ግን በሳምንት ግማሽ ጀሪካን እንኳ አይሞላም። የጅማ ዝናብ ያጓጓል፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ውኃ ግን ዚንክ ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ ኮራልና ሽሪምፕ ደግሞ ዚንክ አይችሉም። ዝናቡም ሆነ የቧንቧው ውኃ በውኃው የሟሟውን ነገር በሚያስቀረው በአርኦ (ሪቨርስ ኦስሞሲስ) ማጣሪያ ይለፍ።

ሦስተኛ፣ ሙቀት። ኮራሉ 25 ዲግሪ ይፈልጋል፤ የጅማ ሌሊት ከዚያ ብዙ ዝቅ ይላል። ሰፊው ገጽ ሙቀቱን ቶሎ ስለሚለቅ ሂተሩ ብዙ ይሠራል። ለሁለቱም ገንዳ አንድ ትልቅ ሂተር ከመግዛት ሁለት ባለ 200 ዋት ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዛል። መብራት ሲሄድ ጎንና ጎኑን ጋቢ አልብሱት፤ ላዩን ግን አትሸፍኑ።

አራተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ ከሥር ሳምፕ (ከዋናው ገንዳ የሚወርደው ውኃ ተጣርቶ በፓምፕ ወደ ላይ የሚመለስበት ሁለተኛ ገንዳ) ካለ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ከላይኛው ገንዳ ውኃ ወደ ታች ይወርዳል። 3 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ከቁመታሙ 16 ሊትር፣ ከሰፊው ወደ 22 ሊትር ነው። ሳምፑ ያን ያህል ባዶ ቦታ ከሌለው ሊሾው ላይ ነው የሚቀበሉት። ሰፊውን የሚመርጥ ሰው ሳምፑንም ሰፋ አድርጎ ያሠራ።

120 ካልገባ

90 በ60 በ45 የሰፊው ታናሽ ወንድም ነው፤ 243 ሊትር ይይዛል፣ በአንድ ሊትር ያለው የገጽ ድርሻም ከሰፊው ጋር እኩል ነው። ለብዙ የጅማ ሳሎን ልኩ ይህ ይመስለኛል።

60 በ60 በ60 ኪዩብ ጥግ ላይ ዓይን ይስባል፤ 216 ሊትር ነው። የገጽ ድርሻው ግን የቁመታሙ ነው፣ ዓሣውም የሚዋኝበት ርዝመት የለውም። ለአንድ ጥንድ ክላውንፊሽና ለአኔሞኒያቸው (ዓሦቹ ለሚጠለሉባት የባሕር ፍጥረት) ይሆናል።

60 በ45 በ40 ደግሞ 108 ሊትር ነው። የመጀመሪያው ሙሊት 4 ኪሎ ገደማ ጨው ይበቃዋል፤ ለ324ቱ 12 ኪሎ ያስፈልጋል። በየሳምንቱ አሥር በመቶ ውኃ ቢቀየር ትንሹ በወር ከ2 ኪሎ በታች፣ ትልቁ ወደ 5 ኪሎ ጨው ይበላል። ጨው ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ስለሆነ ይህ ልዩነት በየወሩ ኪስ ላይ ይታያል። ትንሹ ግን ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ጨዋማነቱም በአንድ ቀን ትነት ይዛባል። ርካሹ ገንዳ ለጀማሪ ቀላሉ ገንዳ አይደለም።

ታንግ የሚባለውን ብዙ የሚዋኝ የባሕር ዓሣ ለሚፈልጉ፦ ቢጫው ታንግ ርዝመቱ ከ120 በታች በሆነ ገንዳ አይሞከር። ጅቡቲ ሄደው ሶሃል ታንግ አይተው የመጡ ሰዎች ደግሞ ዓሣው 40 ሴንቲ ሜትር እንደሚደርስና ቦታዬ ነው ብሎ ሌሎቹን ዓሦች የሚያባርር መሆኑን ይወቁት፤ 180 ርዝመት ለሱ መነሻ ነው፣ ያ ሌላ በጀት ነው።

መስታወት ቤት ከመሄድዎ በፊት የሳሎኑን በር ብቻ ሳይሆን የግቢውን በርና የኮሪደሩን መታጠፊያ በሜትር ይለኩ። ወረቀት ላይ ሲጽፉም «120 በ60 በ45» ብለው አይተዉት፤ ርዝመት፣ ወርድ፣ ቁመት እያሉ በየስሙ ይጻፉ፣ ልኩ የውጪ ነው ወይስ የውስጥ እሱንም ጨምሩበት። አለበለዚያ ሰፊውን አዘው ቁመታሙ ተቆርጦ ሊጠብቅዎ ይችላል።