«ሲደርቅ ራስዎ ያውቁታል» ተብዬ የገዛሁት ድሪፐር፦ ከሰባት ወር በኋላ

ድሪፐር የሚባለውን፣ ፈሳሹ በእጅ ጠብ እየተደረገ የሚሠራውን የቬፕ (በባትሪ የሚሠራ ሲጋራ) ጭንቅላት ከገዛሁ ሰባት ወር ሆነኝ። የጣዕሙ ጥራትና የእንፋሎቱ ብዛት ሻጩ እንደነገረኝ ሆኖ ስላገኘሁት በዚያ ላይ የምጨምረው የለኝም። ለመጻፍ ያስነሣኝ ያረረ ጥጥ ነው። በመጀመሪያው ወር ብቻ ከአሥር ጊዜ በላይ ያረረ ጥጥ ጭስ ስቤአለሁ፤ ይህም የደረሰብኝ ዕቃው ብልሽት ኖሮበት ሳይሆን ለጀማሪ መነገር ያለበት ነገር ስላልተነገረኝ ነው።

ቀድሞ የምጠቀምበት ቬፕ የፈሳሽ ማጠራቀሚያ ስለነበረው ፈሳሹ ሲያንስ በመስተዋቱ በኩል ይታየኝ ነበር። ድሪፐሩ ግን ማጠራቀሚያ የለውም። በብሎን የታሰረ፣ በባትሪ የሚግል የሽቦ ጥቅል፣ በጥቅሉ መሃል የሚያልፍ ጥጥ፣ ከሥር ጎድጎድ ያለ መቀመጫ፣ ከላይ ደግሞ ክዳን ብቻ ነው ያለው። ጥጡ ላይ ጥቂት ጠብታ ይደረግና ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ ይሳባል፤ ከዚያ እንደገና ጠብ ይደረጋል። ፈሳሹ እስካለ ድረስ የሽቦው ሙቀት ወደ ትነት ስለሚሄድ፣ ውኃ ያለበት ድስት እንደማያር ሁሉ ጥጡም አያርም፤ ፈሳሹ ሲያልቅ ግን ያ ሁሉ ሙቀት ጥጡ ላይ ያርፋል። በዚያች ቅጽበት የሚሳበው ጭስ መራራና ጉሮሮ የሚቧጥጥ ሲሆን ጣዕሙም አፍ ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል። ነገሩ የጣዕም ጉዳይ ብቻም አይደለም፤ ፈሳሹ ውስጥ ያለው ግሊሰሪን ከልክ በላይ ሲግል አክሮሊንና ፎርማልዴይድ የሚባሉ ጎጂ ኬሚካሎች ይፈጠራሉ።

ሻጩን «መድረቁን በምን አውቃለሁ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ሲደርቅ ራስዎ ያውቁታል» አለኝ። ዛሬ ከፊቴ ቢቆም፣ ወንድሜ፣ ያወቅሁት እኮ ጉሮሮዬ ከተቃጠለ በኋላ ነው እለው ነበር። ከመቃጠሉ በፊት የሚታወቅበት ምልክት እያለ ለምን አልነገርከኝም? ምልክቱ ድምፅ ነው። ጥጡ በደንብ ሲርስ ሽቦው ወፍራም በሆነ ድምፅ ይንጣጣል፤ መድረቅ ሲጀምር መንጣጣቱ ይቀንስና ድምፁ ቀጥኖ ወደ ፉጨት ይጠጋል፣ እንፋሎቱ ይሳሳል፣ ጣዕሙም ይደበዝዛል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስበት ያረረ ጥጥ ነው። እኔ ይህን ለይቼ ለመስማት ሦስት ወር ፈጅቶብኛል፤ እሱ ግን በሁለት ደቂቃ ሊያሳየኝ ይችል ነበር።

ከዚህም የባሰው የጥጡ መጠን ነው። ጥጥ በበዛ ቁጥር ብዙ ፈሳሽ ይይዛል ብዬ ስላሰብኩ፣ 3 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ጥቅል ውስጥ የሚገባውን ያህል ጠቅጥቄ አስገባ ነበር። አንድ ምሽት ጠብ ባደረግሁ በሁለተኛው ስበት ላይ ጥጡ ሲያርብኝ ተናድጄ ክዳኑን ከፈትኩና ጥጡን በወረንጦ ጎትቼ አወጣሁት። ሁለቱ ጫፎች ፈሳሽ ጠጥተው እያብረቀረቁ፣ በሽቦው ውስጥ የነበረው መሃሉ ብቻ እንደ ቀለበት ዙሪያውን ጠቁሮ ነበር። ለካ ጥጡ ስለታፈነ ፈሳሹ ከጫፍ ወደ መሃል መሄድ አልቻለም ኖሯል። እኔ ግን ለአንድ ወር ያህል ሲያርብኝ የፈሳሽ ማነስ እየመሰለኝ ጠብታ ስጨምር፣ የተረፈው በአየር ቀዳዳው እየወጣ እጄንና ኪሴን ሲያበላሽ ነበር። አሁን ጥጡ ሲጎተት ትንሽ ያዝ እያደረገ፣ ነገር ግን ሽቦውን ሳያጣምም እንዲያልፍ አድርጌ አስገባለሁ፤ ጫፎቹን በመርፌ አበጥሬ በመቀስ አሳጥራለሁ፣ ከዚያም ሳልጫን መቀመጫው ላይ አሳርፋቸዋለሁ። ይህን ካደረግሁበት ቀን ጀምሮ ማረሩ ከሞላ ጎደል ቀርቶልኛል።

በሻጩ ላይ ያለኝ ቅሬታ በዚህ አያበቃም። ከድሪፐሩ ጋር፣ መቆጣጠሪያ ሰርኪዩት የሌለውን መካኒካል የባትሪ ቱቦ «ለጀማሪ ቀላል ነው» ብሎ ሊሸጥልኝ ሞክሮ ነበር። እንዴት ቀላል ይሆናል? ለቬፕ የሚሆነው 18650 የሚባል የባትሪ ዓይነት ሙሉ በሙሉ ሲሞላ 4.2 ቮልት አለው፤ የሽቦው ሬዚስታንስ (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታበት መጠን) 0.5 ኦም ከሆነ ከባትሪው 8.4 አምፔር ይሳባል፣ 0.2 ኦም ሲሆን ግን 21 አምፔር ይደርሳል። ብዙ ባትሪዎች ይህን ያህል በተከታታይ መስጠት አይችሉም፤ መካኒካሉ ቱቦ ደግሞ ይህን ለክቶ የሚያቆምበት ምንም ነገር የለውም። እኔ መቆጣጠሪያ ያለውን በመምረጤ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ምክንያቱም በሁለተኛው ሳምንት የሽቦውን እግር አሳጥሬ ሳልቆርጥ ክዳኑን ስገጥም ሽቦው የክዳኑን ብረት ነክቶት ነበር። መሣሪያው ሾርት መኖሩን በስክሪኑ አሳይቶ አልሠራም አለ። በመካኒካሉ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ኃይል እጄ ውስጥ ባለው ባትሪ ላይ ይወርድ ነበር።

ኒኮቲኑም ሌላ ያልተነገረኝ ነገር ነው። በድሮው ቬፕ በሚሊሊትር 12 ሚሊግራም ያለውን ፈሳሽ እጠቀም ነበር፤ ድሪፐሩ በአንድ ስበት የሚያወጣው እንፋሎት እጅግ የበዛ በመሆኑ ያንኑ ፈሳሽ ስጠቀም ራሴን አዙሮኝ አቅለሸለሸኝ። ወደ 3 ሚሊግራም ከወረድኩ በኋላ ደግሞ አላጋጠመኝም።

ታዲያ በመግዛቴ ተጸጽቻለሁ? ባለፈው ጥር ጠይቃችሁኝ ቢሆን ኖሮ አዎን እል ነበር። ዛሬ ግን ማታ ማታ ተቀምጬ ጥጥ ስቀይር፣ ዕቃውን ክፍል በክፍል እንደማውቀው ሲሰማኝ ለማንም አሳልፌ አልሰጠውም። ቅር የሚለኝ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ናቸው። ሲጋራ ለማቆም የሚታገል አንድ የቅርብ ጓደኛዬ ሰሞኑን ልሞክረው ሲለኝ፣ መጀመሪያ አጠገቤ አስቀምጬ ጥጡን በራሱ እጅ እንዲያስገባ አደረግሁት። ከዚያ አልሳበም፤ ቁልፉን ለአጭር ጊዜ እየተጫነ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። በአራተኛው ጊዜ ድምፁ ሲቀጥን፣ እኔ ሳልናገር ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሣና የፈሳሹን ጠርሙስ ጠየቀኝ።